ስምንተኛው ብሎን

ስምንተኛው ብሎን ከመሰበሩ በፊት አስጠንቅቆ ነበር። ቁልፉ እየከበደ፣ እየከበደ መጥቶ በድንገት ለዘብ አለና የጋሼ አረጋዊ ክንድ ሩብ ዙር ያህል ያለ ልፋት ሄደ። ከሞተሩ ማዶ የቆመው ሐሩን ይማም ይህን በገዛ ዓይኑ አየ። አፉንም ከፈተ። ከዚያ መልሶ ዘጋው። ብሎኑ «ቀጭ» ብሎ ሲበጠስ በጊቢው የሚጭሩት ዶሮዎች እንኳ ቀና አሉ። ቀኑ ሐሙስ፣ ጥር አሥራ ስምንት፣ ሰማንያ ሰባት ዓመተ ምሕረት ነበር።

ሐሩን መካኒክ አይደለም። ሃያ ሁለት ማዞሪያ አጠገብ አንሶላና መጋረጃ የሚሸጥ ባለሱቅ ነው። ይሁን እንጂ ስድስት ዓመት ሙሉ ያችን አሮጌ ፔጆውን ከእሱ በቀር የነካት ሰው የለም፤ በዚህ ይኮራል፤ ሳይጠየቅም ይናገራል። ሙያውን ያወረሱት አባቱ አቶ ይማም ናቸው፤ ሃያ ስድስት ዓመት በአሰብ መንገድ ኤንትሬ የሚባለውን የጭነት መኪና የነዱ ሰው። በዚያ በረሃ መኪና ሲቆም ጋራዥ ስለሌለ ሾፌር ማለት መካኒክም ማለት ነበር። ሐሩን ትምህርት ቤት ሲዘጋ ከጎናቸው ተቀምጦ እየሄደ፣ ቁልፍ እያቀበለ አደገ። ካስተማሩት ሁሉ አንዲቱን አልረሳትም፦ «ብሎን ሲከብድ አትፍራ፤ ሲለዝብ ፍራ።» የሚለዝበው ብረቱ መለጠጥ ሲጀምር ነው፤ ከዚያ ወዲያ ያለው መበጠስ ብቻ ነው።

እኚህ አባት አሁን ሐይቅ ከተማ አልጋ ላይ ናቸው። ከስድስት ሳምንት በፊት ሱብሒ ሰግደው ሲወጡ ከመስጊዱ ደረጃ ተንሸራተው የዳሌያቸው አጥንት ተሰበረ። ደሴ ያዩአቸው ሐኪሞች አዲስ አበባ ይወሰዱ ብለው ወረቀት ጻፉ። ሐሩን ደጅ ጠንቶ ጠንቶ በመጨረሻ አንድ አልጋ አገኘ፤ ሰኞ፣ ጥር ሃያ ሁለት ጠዋት። ስማቸውን የመዘገበችው ነርስ ቀና ብላ፣ በዚያ ቀን በሽተኛው ካልቀረበ አልጋው ለቀጣዩ እንደሚሰጥ፣ ሌላ ተራም ከፋሲካ በፊት እንደማይገኝ በጨዋ አንደበት ነገረችው።

ዳሌው የተሰበረ ሽማግሌ አውቶቡስ ወንበር ላይ ተቀምጦ አራት መቶ ምናምን ኪሎ ሜትር አይመጣም። ፔጆዋ ግን ጀርባዋ ረጅም ነው፤ የኋላ ወንበሯ ሲወልቅ ሰው ታስተኛለች። የሐሩን ሚስት ሪሀና የጥጥ ፍራሽ በመኪናዋ ልክ ቆርጣ ሰፍታ ጨርሳለች። ሐሳባቸው ሐሩን ዓርብ ጎሕ ሲቀድ ተነሥቶ ማታ ሐይቅ እንዲገባ፣ ቅዳሜን አርፎ እሑድ ቀስ እያለ አባቱን እንዲያመጣ፣ ሰኞ ጠዋት ሆስፒታሉ በር ላይ እንዲገኝ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት መኪናዋን ሊሞክራት ወደ ገርጂ ይዟት ወጣ፤ ገርጂ ሳይደርስ ውሃዋ ፈላ። የራዲያተሯ ጎማ መሰንጠቁን ከጥምቀት በፊት አይቶ «ከመንገዱ በፊት እቀይረዋለሁ» ብሎ ትቶት ነበር። ጭሷ ነጭ ሆነ፤ ክዳኑ ሲከፈት ዘይቷ ሻይ በወተት መስሎ ተገኘ። ይህን ያየ ሰው ዐዋቂ መጠየቅ አያስፈልገውም። በሞተሩ አካልና ጋራዥ ቤት ቴስታታ በሚሉት የላይኛው ክዳን መካከል የሚነጠፈው ጓርኒሲዮን ተቃጥሎ ውሃና ዘይት ተገናኝተዋል ማለት ነው። ሌላ መኪና በኮንትራት ሊይዝ መገናኛ ወርዶ ለመነ። በጥር ግን ጎማ ያለው ነገር ሁሉ ሠርገኛ ነው። አንዱ የሚኒባስ ሾፌር መስተዋቱ ላይ ያሰረውን ሪባን እያስተካከለ፣ ከሠርጉ በኋላ እስከ ፈለገበት ሊወስደው እንደሚችል ነገረው። ሠርጉ እሑድ ነበር።

ጋሼ አረጋዊ የመጡት ያን ጊዜ ነው። አጥር ለአጥር ጎረቤት ናቸው፤ በወጣትነታቸው ከትግራይ ወጥተው ኮምቦልቻ ጋራዥ ውስጥ ሠላሳ ዓመት የሠሩ፣ በጡረታ ወደ ልጆቻቸው አዲስ አበባ የገቡ ሰው። የይማምን ኤንትሬ ስንት ጊዜ ፈተው ስንት ጊዜ እንደገጠሙ እሳቸውም አያስታውሱት። ይማም በበኩላቸው «አረጋዊ ያጠበቀውን ሰይጣንም አይፈታው» እያሉ በየሻይ ቤቱ ያስወሩላቸው ነበር። ወዳጃቸው መውደቃቸውን የሰሙ ቀን ጋሼ አረጋዊ ምሳ አልበሉም።

ሐሩን ጭሱን ሊያሳያቸው ሞተሩን አስነሥቶ ስለነበር ብረቱ ገና ትኩስ ነበር። ጎንበስ ብለው እያዩ ቀኝ እጃቸውን የጭስ መውጫው ብረት ላይ አሳረፉ፤ እዚያው ተዉት። የተቃጠለ ቆዳ ሽታ የሐሩን አፍንጫ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው እጃቸውን ያነሡት። መዳፋቸውን የሌላ ሰው ዕቃ ይመስል አገላብጠው አዩት፤ ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት፤ ስለ ጓርኒሲዮኑ የጀመሩትን ወሬ ቀጠሉ። ስኳር እንዳለባቸው ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ስኳሩ ጣቶቻቸው ድረስ ዘልቆ ስሜታቸውን እንደወሰደው ግን ያወቀ ሰው አልነበረም። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሐሩን አወቀ፤ ምንም አላለም።

ይሉኝታ የሚሉት ነገር ባይኖር ኖሮ ግማሻችን በተጣላን፣ የቀረነው ግማሽ ደግሞ በተረፍን ነበር። ሐሩን ሲያድግ የሰማው «ዝም አይነቅዝም» የሚል ተረት ነው፤ እውነት ነው፣ ዝምታ እንደ እህል አይነቅዝም። የሚነቅዘው በዝምታው ውስጥ የተቀመጠው ነገር ነው።

ሐሙስ ጠዋት ቴስታታው ቶርኖ ቤት ፊቱ ተስተካክሎ መጣ። ሐሩን አዲሱን ጓርኒሲዮን አነጠፈ፣ ክዳኑን መለሰ፣ አሥሩን ብሎኖች በእጁ አስገባ። ቁልፉን አንሥቶ ቢስሚላህ ሊል ሲል ጋሼ አረጋዊ የኮታቸውን እጅጌ እየሰበሰቡ ደረሱ። ይማምን ወደ ሕክምና የሚያመጣውን ሞተር እኔ ካልዘጋሁት ማን ሊዘጋው ነው አሉ። እንዲህ ሲሉ ፊታቸው ላይ የነበረውን ደስታ ያየ ሰው ምን ይመልሳል? ሐሩን ቁልፉን በሁለት እጁ አቀበላቸው። ሰባቱ ብሎኖች በደህና ጠበቁ፤ ያውም በአጋጣሚ ነው። ስምንተኛው ተበጠሰ።

ጋሼ አረጋዊ በቁልፉ ጫፍ የቀረውን የብሎን ራስ አፍጥጠው አዩት። ከዚያ ዓይናቸውን ወደ ሐሩን አነሡ፤ ዓይናቸው ውስጥ ጥያቄ ነበር። ያችን ጥያቄ ሐሩን በደንብ አነበባት፤ ሊሸከማት ግን አልቻለም።

«ብሎኑ አርጅቶ ነው፣ ጋሼ» አለ።

ሽማግሌው ተነፈሱ። እሳቸውም ብረቱን ከመጀመሪያው ጠርጥረውት እንደነበር ተናገሩ፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ብለው ስለ ጥድፊያ ጥቂት መከሩት፤ ሌላ ብሎን ሲገኝ እንደሚመለሱ ቃል ገብተው ለምሳ ሄዱ። ሪሀና ከልብስ ማስጫው ሽቦ ሥር ቆማ ሁሉንም አይታለች። የእርጥብ ልብሱን ሳፋ መሬት አስቀምጣ መጣች።

«አይተህ ነበር» አለችው። ጥያቄ አልነበረም።

«ምኑን?»

«አፍህን ከፍተህ ስትዘጋው አየሁህ።»

ሐሩን የማክሰኞውን ነገራት። ዕድሜውን በሙሉ በእጁ የኖረን ሰው እጅህ ሞቷል ብሎ እንዴት እንደሚናገሩት ጠየቃት፤ ያውም ጊቢ ሙሉ ሰው እየሰማ፣ ያውም የአባቱን ወዳጅ። ሪሀና የወሎ ልጅ ናት፤ አነጋገሯ ለስላሳ ነው፤ ነገር ሲገባት ግን አትሸፋፍንም። «እሳቸውን እንዳላሳፍር ብለህ አባትህን አስቀረሃቸው» አለችውና ወደ ልብሷ ተመለሰች። ልክ ነበረች። የዓርቡ መነሻ በዚያች ደቂቃ ቀርቷል። ሐይቅ ላለው ዘመዳቸው ሱቅ ደውሎ አንድ ቀን እንደሚዘገይ ለቤተሰቡ እንዲነገር፣ እናቱም ዓርብ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ስልኩ ዘንድ እንድትጠራለት ለመነ።

ከዚያ የብሎኑ ነገር መጣ። የቀሩትን ፈትቶ ቴስታታውን ሲያነሣው ስባሪው በጉድጓዱ ውስጥ አንድ የጣት አንጓ ያህል ገብቶ ተቀምጧል። ከጉድጓዱ ሥር የቆየ ዝገት ነበር፤ ብሎኑ ሲጠብቅ ጥርሱ ውስጥ ገብቶ አጣብቆታል። ሐሩን ናፍጣ አፈሰሰበት። ጠበቀ። መሮ አሹሎ ወደ መፍቻው አቅጣጫ ቀስ እያለ መታው፤ የስባሪው ጠርዝ ተሸረፈ እንጂ ንቅንቅ አላለም። መስኮት ከሚሠራ በያጅ የኤሌክትሪክ መሰርሰሪያ ተውሶ መጣ፤ ገመዱን እንደሰካው መብራት ጠፋ። አሥር ሰዓት ነበር። መብራቱ ይመጣ እንደሆነ እስኪመሽ ጠበቀ። አልመጣም።

ዓርብ ጠዋት ከአናጢ ቤት በእጅ የሚዞር መሰርሰሪያ አገኘ። ስባሪውን መሀሉን ለይቶ መብሳት ነበረበት። መሰርሰሪያው የስንዴ ፍሬ ያህል ወደ ጎን ቢንሸራተት የሞተሩን ጥርስ በልቶ መኪናዋን ለዘለዓለም ያስቀራታል። አንድ ዓይና በአፈር አይጫወትም፤ ሐሩን ያለው አንድ ሞተር፣ አንድ ቀን፣ አንድ አባት ነበር። በምስማር ጫፍ መሀሉን ምልክት አድርጎ መሰርሰሪያውን ማዞር ጀመረ። ሲደክመው ያርፋል፤ የብረቱን ብናኝ በእስክሪብቶ ቀፎ እፍ ብሎ ያወጣል፤ እንደገና ያዞራል። ላቡ ዓይኑ ውስጥ ሲገባ የሚጠርግበት ንጹሕ ቦታ እጁ ላይ አልነበረም። በየመሀሉ አባቱ በጀርባቸው ተኝተው ጣራ ሲያዩ ይታየዋል፤ ያን ጊዜ እጁ ሊፈጥን ይላል፤ ይቆጣዋል።

አምስት ሰዓት ሲል ቀዳዳው በቃው። የድሮ ካቻቪቴ ጫፉን በሞረድ አራት ማዕዘን አድርጎ ቀዳዳው ውስጥ በመዶሻ ነከሰው፤ እጀታውን በቁልፍ ያዘ። አባቱ እንዳስተማሩት መጀመሪያ ወደ ማጥበቂያው ገፋው፤ የተጣበቀ ብሎን እንዲፈታ አስቀድሞ ትንሽ መጥበቅ ይፈልጋል። ከዚያ ወደ መፍቻው። ምንም። እንደገና ወደ ማጥበቂያው፣ እንደገና ወደ መፍቻው። በስድስተኛው ይሁን በሰባተኛው ላይ ዝገቱ ሲሰነጠቅ በእጁ ተሰማው። ስባሪው ቀስ ብሎ እየዞረ ወጣ። ሐሩን መዳፉ ላይ አስቀመጠው፤ እንባው መጣ፤ አልከለከለውም።

ሪሀና በማለዳ ሶማሌ ተራ ወርዳ ነበር፤ ሌላ ጓርኒሲዮንና አሥር ብሎኖች ሙሉውን ይዛ ተመለሰች። አንዱ ከተለጠጠ ሌሎቹም ሳይለጠጡ አይቀሩም ብላ ነው፤ ያለችው ልክ ነበር። ዕቃውን እያቀበለችው፣ ጋሼ አረጋዊ ቁልፋቸውን ይዘው ተመልሰው ቢመጡስ ብላ ጠየቀችው።

«አላህ ያውቃል» አላት።

«አላህማ ያውቃል። የማያውቁት ጋሼ አረጋዊ ናቸው።»

ሐሩን ታጥቦ ለጁምዓ ሄደ። ሰላቱን በልቡ አልሰገደም፤ ኢማሙ የተናገሩትንም ቢጠየቅ አይመልስም ነበር። ሲመለስ ጋሼ አረጋዊ ቀድመውት ጊቢ ውስጥ ቆመዋል። ታጥቦ የተተኮሰ ቱታ ለብሰዋል። የኮምቦልቻውን የራሳቸውን ቡሶላ ቁልፍ በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልለው፣ እንደ ሕፃን ደረታቸው ላይ አቅፈውታል። ሐሩን የብሎን ቀዳዳዎቹን በጨርቅ አደረቀ፣ ጓርኒሲዮኑን አነጠፈ፣ ቴስታታውን አስቀመጠ፣ አዲሶቹን ብሎኖች አስገባ። ሥራውን አስረዘመው፤ ግን ሥራ ያልቃል።

ሽማግሌው ጨርቁን ፈቱ። ዛሬ ብረቱ አዲስ ስለሆነ አያሳፍረንም አሉና ወደ ሞተሩ ተጠጉ።

ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል። እዚህ የሚቀረው ደጃዝማችነት አልነበረም። ዛሬ አንድ ብሎን ከተሰበረ ሌላ ቀን የለም፤ የሰኞው አልጋ የሌላ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ዛሬ እኔ ላጥብቀው» አለ።

«እኔ እያለሁ? ለምን?»

ውሸቱ ምላሱ ላይ ተዘጋጅቶ ነበር፤ ወገብዎን ያሳርፉ፣ ፀሐዩ ከባድ ነው፣ የመሳሰለው ሁሉ። ዋጠው።

«እጅዎ አይሰማም፣ ጋሼ። ማክሰኞ ሲቃጠል አይቻለሁ። ትናንትም ብሎኑ ሲለዝብ አይቻለሁ። ብሎኑ አላረጀም ነበር።»

ሪሀና ከቤቱ ደጃፍ ላይ ቆመች። ጋሼ አረጋዊ ቀኝ መዳፋቸውን ገልጠው አዩት፤ የማክሰኞው ቁስል ውሃ ቋጥሮ ፈንድቶ፣ በቅባት ጠቁሯል። ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ማክሰኞ አውቀህ ሐሙስ ቁልፉን ሰጠኸኝ?»

«አዎ።»

«ለምን?»

«አፈርኩ።»

«አፈርክ» አሉ፤ ቃሉን እንደ መራራ ነገር አላመጡት። «ብትነግረኝ እቀየምህ ነበር፤ ቢበዛ አንድ ሳምንት። ይማም ግን...» አልጨረሱትም። ቁልፋቸውን በጨርቁ መልሰው ጠቀለሉ፤ ጣቶቻቸው ጨርቁን ለመያዝ ሦስት ጊዜ ሳቱት። ከዚያ ዞረው ወደ በሩ ሄዱ። ሐሩን የአባቱን ወዳጅ ከጊቢው ያባረረ ሰው ሆኖ ቆመ፤ ትክክል መናገሩ በዚያች ደቂቃ ቅንጣት አላጽናናውም።

በሩ ዘንድ ሲደርሱ ቆሙ። ተመልሰው መጥተው የለስላሳ ሳጥን ገልብጠው ከሞተሩ አጠገብ ተቀመጡ።

«የሸሚዜን ቁልፍ የምትቆልፍልኝ ትርሓስ ናት» አሉ፤ ትርሓስ ሚስታቸው ናቸው። «የጫማዬንም ክር። ካለፈው ዓመት ጀምሮ። ይህን እያወቅሁ ነው ያንተን ቁልፍ የጨበጥኩት። ለይማም ይህችን አንዲት ብቻ ልሥራ ብዬ ነው። እንግዲህ ሁለታችንም ነን።» ጥቅሉን ዘረጉለት። «በል ያዝ። ጆሮዬ ደህና ነው።»

ሐሩን ከመሀል ጀምሮ ወደ ዳር፣ እሳቸው ተራውን እየጠሩለት አጠበቀ። በአንድ ጊዜ አልጨረሰውም፤ በሦስት ዙር ነው፤ በየዙሩ ጥቂት ጥቂት። ጋሼ አረጋዊ ዓይናቸውን ጨፍነው የብረቱን ጥርስ ሲጥ ሲጥ ሲል ይሰሙታል። «ቀጥል» ይላሉ፤ «ቀጥል፤ በቃ።» ስምንተኛው ላይ ደረሰ። ቁልፉ ከበደ። ተጨማሪ ሊገፋ ሲል «ይበቃዋል» አሉት፤ ተወው። ከአሥር ሰዓት ትንሽ ዘግይቶ ሞተሩ ተነሣ፤ ጥቂት አጉረመረመና ተስተካከለ፤ ጭሱ ጠራ። ሪሀና እጇን አፏ ላይ አድርጋ ፈጣሪዋን አመሰገነች። ጋሼ አረጋዊ ግን፣ አዲስ የተዘጋ ሞተር አንዴ ሞቆ ከቀዘቀዘ በኋላ ብሎኖቹ እንደገና መጥበቅ እንዳለባቸው አስታወሱ። ቅዳሜ ጎሕ ሳይቀድ አጥብቀውት ሐሩን እንዲነሣ ተስማሙ።

አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሐሩን ሱቁ ሄዶ ስልኩን ደወለ። እናቱ ወይዘሮ ዘኪያ ሐይቅ ላይ ቁጭ ብላ ስትጠብቀው ነበር። ስለ ልጆቹ ጠየቀችው፣ ስለ ሪሀና፣ ስለ ሱቁ። አባቱን ሲጠይቃት «ደህና ነው፣ አልሐምዱሊላህ፤ አንተ ብቻ ቀስ ብለህ ንዳ» አለችው።

በሌላ ቀን ቢሆን አልሐምዱሊላህ ብሎ ይዘጋ ነበር። ዛሬ ግን ያችን ድምፅ ያውቃታል። ሐሙስ ዕለት «ብሎኑ አርጅቶ ነው» ያለው በዚችው ድምፅ ነው።

«እማዬ፣ አትሸሽጊኝ። እውነቱን ንገሪኝ።»

እናቱ ማልቀስ ጀመረች፤ ቶሎም አቆመች።

«እንዳትደነግጥ ብዬ ነው፤ መንገደኛ ነህ። ከትናንት ወዲህ እህል አልቀመሰም። ትናንት መኪና ባለፈ ቁጥር ‹ሐሩን ነው?› ይል ነበር።»

«ዛሬስ?»

«ዛሬ አልጠየቀም።»

ሐሩን ስልኩን አስቀምጦ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ። ሐሙስ ያችን አንዲት ቃል ተናግሮ ቢሆን ኖሮ በዚህ ሰዓት ደሴን አልፎ ሐይቅ ሊገባ ይሆን ነበር። ኪሎ ሜትሩን በጣቱ ቆጠረው፤ ሁለት ጊዜ ቆጠረው። ሲያልፍ የሚሰማው የእሱ መኪና ይሆን ነበር።

ጎሕን አልጠበቀም። ሪሀና ፍራሹን አስገባች፤ ስንቅ ቋጠረች። ለጋሼ አረጋዊ የሰማውን ሲነግራቸው ቤታቸው ገብተው ካፖርታቸውን ደርበው፣ ትርሓስ የቋጠሩላቸውን የስኳር መድኃኒት ይዘው ወጡና ከፊት ወንበር ተቀመጡ። ጣርማ በርን በጨለማ የሚያልፍ እንደሌለ፣ ደብረ ብርሃን አድረው ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ብሎኖቹን በማለዳ እንደሚያጠብቁ፣ ተራውን የሚጠራለት ሰው እንደሚያስፈልገው ነገሩት።

መገናኛን አልፈው ላምበረት ሲደርሱ ፀሐይዋ ከኋላቸው ዝቅ ብላ መስተዋቱን ሞልታው ነበር። ከፊታቸው ሪባን ያሰሩ የሠርግ መኪኖች ጡሩንባ እየነፉ ወረፋ ሠርተዋል፤ ለእሑድ ሠርግ እንግዳ የሚሰበስቡ ናቸው። ጋሼ አረጋዊ አንገታቸውን ወደ ሞተሩ ዘንበል አድርገው ያዳምጣሉ። ኮተቤ ዳገት ላይ ሐሩን ማርሽ ቀንሶ፣ ከሐሙስ ጀምሮ ሊጠይቅ ሲፈራው የነበረውን ጠየቀ።

«ለአባቴ እንደርስላቸዋለን፣ ጋሼ?»

እንዲህ ሲባል የሚመለሰው መልስ ይታወቃል። በእግዚአብሔር ፈቃድ፣ እንዴታ፣ ምን ይሆናሉ ብለህ ነው ይባላል። ሽማግሌው አፋቸውን ከፈቱ፤ ወደ ሐሩን ዞረው አዩት፤ ያንን መልስ ተዉት።

«ሞተሩ ይደርሳል» አሉ። «ሌላውን አላውቅም፣ ልጄ።»

ሐሩን በእሺታ ራሱን ነቀነቀ። ዳገቱ እስኪያልቅ ማርሹን አልቀየረም።